የማታውቁትን ሐይቅ ማሳነስ፦ የማስኪ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ማስኪ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች ውስጥ የሚኖር ትልቅ አዳኝ ዓሣ ነው። በኖቬምበር 2021 ሚኒሶታ ውስጥ ሚላክስ ከሚባለው ሐይቅ የወጣው ማስኪ ከ25 ኪሎ በላይ መዝኗል። ከ1957 ጀምሮ የቆየውን የግዛቱን ክብረ ወሰንም ሰብሯል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ የሚኖረው ወገናችን ብዙ ነው። ሐይቁም በየሰፈሩ አለ። ዘንግ ይዞ ፐርችና ዎልአይ የሚባሉትን ለምግብ የሚሆኑ ዓሣዎች ማጥመድ የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ማስኪ ማስኪ ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ረዘም ያለ እረፍት አገኘሁ፣ ረግጬው ወደማላውቀው ሐይቅ ልሄድ ነው፤ ከየት ልጀምር?

መልሴ አጭር ነው፦ ሐይቁን አሳንሱት። ትልቁን ውሃ ሁሉ ለማየት የሚሞክር ሰው የትኛውንም ጥግ ሳያውቅ ይመለሳል። ከመሄዳችሁ በፊት ከሐይቁ አብዛኛውን ክፍል ሰርዛችሁ፣ በቀረችው ጥቂት ቦታ ላይ ጊዜያችሁን ብታፈሱ ግን ዕድላችሁ በብዙ ይጨምራል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ማስኪ ጥቂት ነው። በደንብ የተያዘ የማስኪ ሐይቅ ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ በአንድ ሄክታር ውሃ ከአንድ በላይ ጎልማሳ ማስኪ አይገኝም። ሚላክስ 53 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ቨርሚሊዮን የሚባለው የሰሜን ሚኒሶታ ሐይቅ ደግሞ 16 ሺህ ሄክታር ገደማ ሆኖ፣ ደሴቶቹ 365 ናቸው ይባላል። ባሕረ ሰላጤው ብዛቱ ለጉድ ነው። በዚያ ላይ ማስኪ ቀኑን ሙሉ አያድንም። የሚበላባት ሰዓት አጭር ናት። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ሁለት ነው፦ ዓሣው የት አለ? መቼስ ይበላል? ዕቅድ ሲባል ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቤት ሆኖ የተቻለውን ያህል መልስ መፈለግ ነው።

የትኛው ሐይቅ?

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለራሳችሁ ንገሩ። ማስኪ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ብዙ ማስኪ ያለበት ውሃ ይሻላችኋል። ትንሽም ቢሆን አንድ መያዝ ትልቅ ትምህርት ነው። ግዙፉን የሚፈልግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳያይ መዋልን መቀበል አለበት። ሁለቱን በአንድ ሐይቅ ማግኘት ከባድ ነው።

የዊስኮንሲን ግዛት ይህን ልዩነት በይፋ መድቦ አስቀምጦታል። ማስኪ ከ1955 ጀምሮ የግዛቱ ምልክት ዓሣ ነውና ነገሩን በቁም ነገር ነው የያዙት። ኤ-1 የሚባሉት ውሃዎች ግዙፍ ዓሣ የሚጠበቅባቸው ናቸው። ኤ-2 የሚባሉት ብዛት ያለው፣ መጠኑ ግን መካከለኛ የሆነ ማስኪ ያለባቸው ናቸው። ቢ እና ሲ ከዚያ በታች ይመጣሉ። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ኤ-2ን ነው። ስሙ የገነነ ሐይቅ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጉዞ ይቆይ።

ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ሌክፋይንደር የሚባል ድረ ገጽ አለው። የሐይቁን ስም ስትጽፉ የጥልቀት ካርታው፣ የተደረገው የዓሣ ጥናትና ወደ ውሃው የተጨመረው የዓሣ ጫጩት ብዛት ይወጣላችኋል። በነፃ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጥናቱ ውስጥ በመረብ የተያዘው የማስኪ ቁጥር ዜሮ ወይም አንድ ሊሆን ይችላል። ያ ማለት ማስኪ የለም ማለት አይደለም። በበጋ የሚዘረጋው የተለመደው መረብ ማስኪን በደንብ አይዝም። ማስኪን ለመቁጠር ባለሙያዎቹ በጸደይ፣ ዓሣው እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር ሲወጣ፣ ሌላ ዓይነት ወጥመድ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ያንን የጸደይ ጥናት ፈልጉ። ካጣችሁት ወደ ጫጩቱ መዝገብ ሂዱ።

መዝገቡንም ስታነቡ ዕድሜ አስሉ። አንድ ማስኪ 50 ኢንች፣ ማለትም 127 ሳንቲሜትር፣ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ግዙፎቹ ሁሉ ለማለት ይቻላል እንስት ናቸው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ብዙ ጫጩት ተጨመረ የሚለው ለእናንተ ጉዞ ምንም አይፈይድም። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ምን ያህል ተጨምሮ ነበር? የምትይዙት እነዚያን ነው።

አንድ ሌላ ነገር ተመልከቱ፦ ዓሣው ምን ይበላል? ይህ ጥያቄ ከየትኛውም በላይ ሐይቁን ያሳንሰዋል። ሲስኮ የሚባለው ቅባታም ዓሣ የሚኖርበት ሐይቅ ከሆነ፣ ትልልቆቹ ማስኪዎች በበጋ ሲስኮውን ተከትለው ወደ መሀል ወጥተው ከጥልቁ ውሃ በላይ ይንሳፈፋሉ። ዳር ዳሩን ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኛቸውም። ምግቡ ፐርችና መሰል ትናንሽ ዓሣ ከሆነ ግን አብዛኛው ማስኪ ከውሃ ውስጥ ሣር አይርቅም። የዓሣ ጥናቱ ላይ ሲስኮ መኖር አለመኖሩ ተጽፏል። ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ንባብ ናት።

መቼ?

ማስኪ እንቁላል የሚጥለው በጸደይ ነው፣ ጥልቀት በሌላቸው ሰላጤዎች ውስጥ። ብዙ ግዛቶች ወቅቱን ዘግይተው የሚከፍቱት እሱን ላለመረበሽ ነው። ሚኒሶታ በጁን የመጀመሪያው ቅዳሜ ትከፍታለች። የሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ አብዛኛው ውሃ በጁን ሦስተኛው ቅዳሜ ይከፈታል። በሰሜን ዊስኮንሲን ሜይ መጨረሻ ላይ ነው፤ ደቡቡ ከዚያ ቀደም ይላል።

በመክፈቻው ሰሞን ዓሣው እንቁላል ከጣለበት ሰላጤ ብዙም አልራቀም። ውሃው ቶሎ የሚሞቅበት፣ አዲስ ሣር የበቀለበት ዳር ጥሩ ነው። ትንንሽ ማባበያ፣ ማለትም ዓሣውን የሚያታልል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ ይበቃል። በጁላይና በኦገስት ሣሩ አድጎ ግድግዳ ይሠራል። ዓሣው የሣሩ ጠርዝ ላይ፣ ድንጋያማ ጉብታዎች ላይ፣ ወይም እንዳልነው መሀል ሐይቅ ላይ ይሆናል። ለጀማሪ እንግዳ ይህ ጊዜ ደግ ነው፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ዓሣውም ይንቀሳቀሳል።

ግን ሙቀቱን ጠብቁ። የውሃው ወለል 80 ዲግሪ ፋራናይት፣ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ሲደርስ ማስኪ ማጥመድ ይቁም። ሞቃት ውሃ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው። ታግሎ የደከመ ትልቅ ዓሣ ብትለቁትም ከዓይናችሁ ርቆ ሊሞት ይችላል። ጉዞው ተይዟል፣ ሆቴሉ ተከፍሏል ብሎ መቀጠል ለእኔ ትክክል አይደለም። በዚያ ሳምንት ሌላ ዓሣ አጥምዱ።

ሴፕቴምበር ላይ አስቸጋሪ ሳምንት ይመጣል። ላይ ያለው ውሃ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይሰምጣል፣ የሐይቁ ውሃም ይደባለቃል። ለዓሣ ማጥመድ መጥፎ ነው። ለጥቂት ቀናት ዓሣው የት እንደገባ አይታወቅም። በዚያ ወቅት ለመሄድ ካሰባችሁ ትንንሽና ጥልቀት የሌላቸውን ሐይቆችም በመጠባበቂያ ያዙ፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይደባለቁምና። ከዚያ በኋላ ኦክቶበርና ኖቬምበር የግዙፎቹ ጊዜ ነው። የዚያ የ2021ዱ ዓሣም በኖቬምበር ነው የተያዘው። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም። ከጀልባ መውደቅ በዚያ ወቅት የሞት ጉዳይ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬቱ ቀኑን ሙሉ አይወልቅም።

ካርታው ላይ መሰረዝ

ቨርሚሊዮንን በኦገስት እንውሰድ። መጀመሪያ ሐይቁን ለሁለት ክፈሉት፣ ምሥራቅና ምዕራብ። የምታድሩበትን ቦታ መርጣችሁ ከዚያ በጀልባ አሥራ አምስት ደቂቃ የማያስኬደውን ሁሉ ሰርዙ። አዎ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ትልቅ ዓሣ አለ። ይኑር። የእናንተ ሐይቅ ይህ ነው።

ከዚያ የጥልቀት ካርታውን አስፉት። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከሆነ መሬቱ ድንገት ይወርዳል ማለት ነው። ተራርቀው ከሆነ ደልዳላ ነው። ማስኪ የሚወደው ሁለቱ የሚገናኙበትን ነው። ሰፊ ደልዳላ ቦታ ላይ ይበላል፣ ጥልቁ ደግሞ ከጎኑ አለለት። ከዚያ የሳተላይት ፎቶ ክፈቱ። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ሣሩ ጥቁር ሆኖ፣ አሸዋና ድንጋዩ ፈካ ብሎ ይታያል። ካርታው የማያሳየውን ብዙ ነገር ፎቶው ያሳያል።

የተለያየ ዓይነት ቦታ ምረጡ፣ ይህ ዋናው ነው። ጥቂት የሣር ጠርዝ፤ በተለይ ሣሩ ወደ ጥልቁ ሾልኮ የወጣበት ወይም ድንጋይ የተቀላቀለበት። ጥቂት መሀል ላይ ያሉ ድንጋያማ ጉብታዎች። በሁለት ደሴቶች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ። ወንዝ የሚገባበት አፍ። በጠቅላላው ከአሥራ አምስት ቦታ አይብለጥ። ለምን ዓይነቱ ይለያይ? የመጀመሪያው ቀን የምርመራ ቀን ስለሆነ ነው። ማስኪዎቹ በዚያ ሳምንት ድንጋይ ላይ ከሆኑ፣ ከሁለት ጉብታ ላይ ሁለት ዓሣ ካያችሁ፣ ሣሩን በሙሉ ትሰርዛላችሁ። ሐይቁ እንደገና አነሰ ማለት ነው።

ነፋሱንም ቁጠሩት። ነፋስ ለሰዓታት ሲነፍስበት የዋለ ዳር ላይ ውሃው ይደፈርሳል፣ ትንንሾቹ ዓሣዎች ይሰበሰባሉ፣ አዳኙም ይከተላል። ምቾት የሌለው ዳር ብዙ ጊዜ የተሻለው ዳር ነው። ለደቡብ ነፋስም ለሰሜን ነፋስም የሚሆን ቦታ ዝርዝሩ ውስጥ ይኑር። ትልቅ ሐይቅ ላይ ማዕበሉ ሲበረታ ግን ትንሽ ጀልባ ይዞ መድፈር አያስፈልግም።

ጋይድ፣ ማለትም ሐይቁን የሚያውቅ መሪ አጥማጅ፣ መቅጠር ውድ ነው። አቅሙ ካላችሁ የመጀመሪያው ቀን ላይ አድርጉት። ብዙ ሰው ሦስት ቀን ለፍቶ ሲያቅተው በመጨረሻው ቀን ይቀጥራል፤ የተማረውን የሚጠቀምበት ቀን አይቀረውም። ስትቀጥሩም አንድ ዓሣ አስይዘኝ ከማለት ይልቅ ሐይቁን አስተምረኝ በሉት። አቅሙ ከሌለ የአካባቢው የማጥመጃ ሱቅ ገብታችሁ ዕቃ ግዙና ጠይቁ። ምስጢር ቦታ አትጠይቁ፤ ማንም አይነግርም። ውሃው ስንት ዲግሪ ነው፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው ወይስ ሞቷል፣ ዓሣው ጥልቅ ነው ወይስ ዳር፣ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን በደስታ ይነግሯችኋል። በ1966 ሚኒሶታ ውስጥ የተመሠረተው ማስኪስ ኢንክ የሚባል ማኅበርም በብዙ ግዛቶች ቅርንጫፎች አሉት። ስብሰባቸው ላይ ለአዲስ ሰው ጊዜ የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

ዓሣው ሲከተል

ማስኪ ከሌላው ዓሣ የሚለይበት ጠባይ አለ። ማባበያውን እስከ ጀልባው ድረስ ይከተልና ሳይነክስ ይመለሳል። ጀማሪ ሰው በዚህ ይናደዳል። እንግዳ ውሃ ላይ ግን ከዚህ የበለጠ መረጃ የለም፤ ዓሣው አድራሻውን ነግሯችኋል። ወዲያውኑ ቦታውን በጂፒኤስ ያዙና ተዉት። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ወይም ጨረቃ በምትወጣበትና በምትገባበት ሰዓት ተመለሱ። ብዙ ልምድ ያላቸው አጥማጆች እነዚህን ሰዓታት በመዝገብ ይዘው ነው የሚወጡት።

እያንዳንዱን ውርወራ ስትጨርሱ ማባበያውን ከውሃ አታውጡት። የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ከጀልባው ጎን ሰፋ ያለ የስምንት ቁጥር ሣሉበት። ማጠፊያው ላይ ሰፋ ይበል፤ ትልቅ ዓሣ በጠባቡ መታጠፍ አይችልም። ብዙ ማስኪ የሚያዘው እዚህች ላይ ነው። ዓሣ ባታዩም አድርጉት። ሳይታይ ከታች የሚከተል ብዙ ነው።

ወንዝ ሲሆን

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ላላችሁ ሚኒሶታ ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። በቨርጂኒያ ጄምስ ወንዝና ኒው ወንዝ ጥሩ ማስኪ አላቸው፤ በመኪና የሳምንት መጨረሻ ጉዞ ናቸው። በላይኛው ፖቶማክም ማስኪ አለ።

ወንዝ ከሐይቅ ይልቅ በራሱ ያንሳል። ለእንግዳ ሰው ይህ መልካም ነው። ማስኪ ኃይለኛ ወራጅ ውስጥ ቆሞ ጉልበቱን አያባክንም። ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚዋሰኑበትን መስመር ፈልጉ። ከደሴት ጀርባ፣ ከወደቀ ትልቅ ግንድ ሥር፣ ገባር ወንዝ ከሚገባበት አፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረጅምና ጥልቅ የሆነውን ዝግተኛ ኩሬ። የብርዱ ወቅት ሲመጣ ዓሣው እነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ይሰበሰባል። በሳተላይት ፎቶ ላይ ነጭ አረፋ የሚታይበት ድንጋያማና ፈጣን ወራጅ ነው። በሁለት አረፋ መካከል ያለው ረጅም ጥቁር ውሃ የእናንተ ነው።

ወንዝ ላይ ካርታ ብቻውን አይበቃም፤ የውሃውን መጠን ማወቅ ግድ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በየወንዙ መለኪያ ተክሏል። የውሃው ከፍታና በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ መጠን ኢንተርኔት ላይ በየጊዜው ይወጣል። የዛሬውን ቁጥር ከወቅቱ መደበኛ ጋር አነጻጽሩት። ቁጥሩ በፍጥነት እየወጣ ከሆነ ውሃው ደፍርሶ ግንድ እየነዳ ነው፤ ቀሩ። በጣም ከወረደ ደግሞ ጀልባው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ኒው ወንዝ ላይ ክሌይተር የሚባል የኤሌክትሪክ ግድብ አለ። ከግድቡ በታች ውሃው ዝናብ ሳይዘንብ በሰዓታት ውስጥ ሊጨምር ይችላል።

በወንዙ ላይ ዝቅ ብለው የተሠሩ የድሮ ግድቦችም አሉ። ከላይ ሲያዩዋቸው ምንም አይመስሉም። ከሥራቸው ግን ውሃው እየተገለበጠ ሰውንና ጀልባን ይዞ ያስቀራል። ብዙ ሰው የሞተባቸው ናቸው። ከመነሳታችሁ በፊት በምትወርዱበት ክፍል ላይ ግድብ መኖሩን አረጋግጡ።

ከያዛችሁ በኋላ

ዕቃ ስትገዙ ከዘንጉ በፊት መልቀቂያውን ግዙ። በጎማ የተለበጠ ትልቅ መረብ፣ ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ፣ ወፍራም መንጠቆ የሚቆርጥ መቁረጫ። ክሩ ጫፍ ላይ ጥርሱ የማይበጥሰው የሽቦ ወይም ወፍራም ማሰሪያ ይኑር። ዓሣው መረብ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን አውጡ፣ ካስቸገረ ቁረጡት። ፎቶ ከፈለጋችሁ ካሜራው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ዓሣውን አግድም፣ በሁለት እጅ ያዙት፣ ቶሎም ወደ ውሃው መልሱት። አንጠልጥሎ መያዝ ይጎዳዋል።

ጾም ሲገባ አሳ ጉላሽና ጥብስ ለሚናፍቅ ሰው የያዙትን መልሶ መልቀቅ እንግዳ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ለድስት ዎልአይና ፐርች አለ፤ እጅግ ይጣፍጣሉ። ትልቅ ማስኪ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሜርኩሪ ሲያጠራቅም የኖረ ዓሣ ነው፣ ለቤተሰብ ማዕድ አይመከርም። አሥር ዓመት የፈጀውንም ዓሣ ሐይቁ በአንድ ክረምት አይተካውም።

ሕጉም ወደዚሁ ያዘነብላል። ሚኒሶታ ውስጥ በአብዛኛው ውሃ ከ54 ኢንች፣ 137 ሳንቲሜትር፣ ያነሰ ማስኪ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ስለዚህ ፓይክ ከሚባለው ዘመዱ መለየት አለባችሁ። ፓይክ ጠቆር ባለ ሰውነት ላይ ፈዛዛ ነጥብ አለው። ማስኪ በተቃራኒው ፈዛዛ ሰውነት ላይ ጠቆር ያለ መስመር ወይም ነጥብ አለው። ከተጠራጠራችሁ ከመንጋጋው በታች ያሉትን ቀዳዳዎች ቁጠሩ። በአንድ ጎን አምስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፓይክ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስኪ ነው። ሚኒያፖሊስ አካባቢ ባሉ ሐይቆች የሁለቱ ድቅል የሆነው ታይገር ማስኪም አለ፤ የእሱ ደንብ ሌላ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ሊቀየር ስለሚችል የዘመኑን የደንብ መጽሐፍ አንብቡ።

ድንበር የሚያቋርጥ ውሃ ከመረጣችሁ ወረቀቱ ይበዛል። ሌክ ኦፍ ዘ ውድስ ሚኒሶታንና ካናዳን ያካልላል። ሴንት ክሌይር ሐይቅ ሚሺጋንንና ኦንታሪዮን። በየወገኑ የራሱ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ሰዎች የአሜሪካ ግሪን ካርድ ካላችሁ ለካናዳ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ነገር ግን ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትና ግሪን ካርዱን ራሱን መያዝ ግድ ነው። ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ቪዛውን ከወራት በፊት ይጀምር።

በጉዞው መሀል ሐይቅ የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ሥራ አለ። ዜብራ መስል የሚባለው ሁለት ቅርፊት ያለው ትንሽ የውሃ ፍጥረት ከሐይቅ ሐይቅ የሚዛመተው በጀልባ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ከሐይቅ ስትወጡ ሣሩን ከጀልባውና ከተጎታቹ ላይ ማንሳት፣ ውሃውን ማፍሰስና የማፍሰሻውን ክዳን ነቅሎ መንዳት ሕግ ነው። የተረፈውም የዓሣ ማጥመጃ ትል ወይም ትንሽ ዓሣ ወደ ውሃው አይጣልም፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ሐይቅ ላይ ስትደርሱ ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙ።